ሰሊጥ፣ ሽምብራ፣ ማሾ፣ ጤፍ ወይስ በቆሎ? ለመጪው ክረምት ሰብል ለምትመርጡ

በየዓመቱ ግንቦት ላይ አንድ ጥያቄ ይበዛል። ዘንድሮ ምን ቢዘራ ያዋጣል? ጠያቂው አንዳንዴ የቤተሰቡን መሬት የተረከበ ወጣት ነው። አንዳንዴ መተማ ወይም ባሌ ላይ መሬት ሊከራይ ያሰበ ነጋዴ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆኖ ከወንድሙ ጋር ለማረስ ያቀደ ሰው ነው። ወሬው የሚጀምረው ግን ሁሌም ከዋጋ ነው። "ሰሊጥ ኩንታሉ ስንት ገባ?" ይባላል፣ ምርጫውም እዚያው ያልቃል።

እኔ ከሌላ ጥያቄ እንድትጀምሩ እፈልጋለሁ። የምትዘሩትን ማን ነው የሚበላው? ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ ተመጋቢያቸው እዚሁ ነው። ሰሊጥ፣ ማሾ (ትንሿ አረንጓዴ ጥራጥሬ) እና ነጭ ቦሎቄ ከሞላ ጎደል የሚበሉት ባሕር ማዶ ነው። ሽምብራ ሁለቱም ጋ ይፈለጋል። ይህ ልዩነት ከዛሬው ዋጋ ይበልጣል። ዋጋ በአንድ ወር ይገለበጣል። ገዢው ፊቱን ሲያዞር ግን አንዱን ሰብል ጎተራ ታስገቡትና ትበሉታላችሁ፣ ሌላውን ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ።

መጀመሪያ በሄክታር አስቡት

በኩንታል ማወዳደር ያሳስታል። በአገር አቀፍ አማካይ ሰሊጥ በሄክታር የሚሰጠው 7 ኩንታል ገደማ ነው። ጤፍ ወደ 19፣ ሽምብራ ወደ 20፣ ስንዴ ወደ 30፣ በቆሎ ደግሞ ወደ 40 ኩንታል ይጠጋል። ማሾ በ10 እና በ12 መካከል ነው። ስለዚህ የሰሊጥ ኩንታል የበቆሎን አምስት እጥፍ ቢያወጣ እንኳ በሄክታር ሲሰላ ሁለቱ ይቀራረባሉ። ከዚያ ወጪው ይቀነሳል። በቆሎ ማዳበሪያ ይበላል፣ ሰሊጥ ደግሞ የሰው ጉልበት ይበላል።

መንገዱንም አስሉት። የአገራችን የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ወደብ ነው። ከመተማ ጅቡቲ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሰሊጥ ይህን የመኪና ኪራይ የሚሸከመው ኩንታሉ ውድ ስለሆነ ነው። በቆሎ በዚያ መንገድ ቢሄድ ኪራዩ ይጨርሰዋል። ስለዚህ በቆሎ የሚዘራ ሰው ገበያውን በቅርብ ከተማና በመኖ ፋብሪካ ዙሪያ ማየት አለበት።

ሰሊጥ፦ ትልቅ ገንዘብ፣ ትልቅ ልብ

ከቡና ቀጥሎ የውጭ ምንዛሪ በማምጣት ስሙ ከሚነሱት መካከል ነው። የሁመራ ሰሊጥ ነጭና ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ለዳቦና ለጣሂና (ሰሊጥ ተፈጭቶ ለሚሠራው ማባያ) ይፈለጋል። የወለጋው ዘይቱ ስለሚበዛ ለመጭመቂያ ይመረጣል። የጎንደሩም በራሱ ስም ይሸጣል። ቻይና ዋነኛዋ ገዢ ናት፣ እስራኤልም ለረጅም ጊዜ ከትልልቆቹ አንዷ ሆና ቆይታለች። እዚያ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ "ሁመራ" የሚለው ስም የጣሂና ዕቃ ላይ ተጽፎ ይሸጣል።

ገንዘቡ እውነት ነው። አደጋውም እንደዚያው ነው። ሰሊጥ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ይዘራል። ውሃ ከተኛበት ይሞታል። አረም ሁለት ሦስት ጊዜ ይፈልጋል። ዋናው ፈተና ግን አጨዳው ነው። ፍሬው ሲደርቅ ከታች ጀምሮ ይከፈትና ይረግፋል። ስለዚህ ሁሉም አራሽ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሠራተኛ ይፈልጋል። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከትግራይና ከጎንደር ደጋ የሚመጣው የቀን ሠራተኛ በዚያ ሰዓት ከሌለ፣ ወይም መንገድ ከተዘጋ፣ ምርቱ መሬት ላይ ይቀራል። ታጭዶ ሂላ (ለማድረቅ የቆመ የነዶ ክምር) ከተሠራ በኋላም ቢሆን ተባይ ይገባበታል፣ ቶሎ ካልተራገፈ ክብደቱንና ጥራቱን ያጣል።

የሰው እጅ ባነሰባቸው ዓመታት የሆነውን አይተናል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው ጦርነት የሁመራ አካባቢ እርሻ ክፉኛ ተጎድቷል። ሰሊጥ የሚዘራበት ቆላ ሰፊ፣ ሰው የሳሳበትና ከድንበር የተጠጋ ነው። ሰላም ሲደፈርስ መጀመሪያ የሚቀረው የአጨዳ ሠራተኛ ነው። መሬት ከመከራየታችሁ በፊት ያለፈው ጥቅምት ሠራተኛ በስንት እንደተቀጠረና መንገዱ ክፍት እንደነበር ጠይቁ። ይህ ጥያቄ ከአፈሩ ጥያቄ አያንስም።

ስለ ዋጋው ደግሞ ብዙዎች የማያዩት ነገር አለ። ለዓመታት አገር ውስጥ ያለው የሰሊጥ ዋጋ ከዓለም ዋጋ በላይ የሚሆንበት ጊዜ ነበር። ምክንያቱ ዶላር ነው። አንዳንዱ ላኪ አስመጪም ነው። ሰሊጡን በኪሳራ ይልክና ባገኘው ዶላር መኪና ወይም ብረት አስገብቶ ኪሳራውን ያካክሳል። አራሹ በዚህ ሲጠቀም ቆይቷል፣ ግን ዋጋው የሰሊጡ አልነበረም፣ የዶላሩ እጥረት ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ይህ ስሌት ላልቷል። አሁን ሰሊጥ በብር ሲታይ ውድ ቢመስልም፣ የሚከተለው የዓለምን ገበያ ነው። በዚያ ገበያ ላይ ደግሞ ሱዳን፣ ናይጄሪያ፣ ታንዛኒያና ኒጀር አሉ። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ለብራዚል ሰሊጥም በሯን ከፍታለች። ብራዚል በማሽን ነው የምታመርተው። ይህ በሚቀጥሉት ዓመታት ዋጋውን መጫኑ አይቀርም ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ፍርዴ ይሄ ነው። ሰሊጥ አንድ ዓመት ሙሉ ቢከስር ቤተሰቡ የማይራብ ሰው ይዝራው። በብድር የሚገባበት ሰው ግን እባካችሁ ሁለቴ ያስብበት።

ማሾና ነጭ ቦሎቄ

ማሾ ትልቁ ጸጋው ፍጥነቱ ነው። ከ60 እስከ 90 ቀን ውስጥ ይደርሳል። ዝናብ ዘግይቶ የሚገባበት ወይም ቶሎ የሚወጣበት ቆላ ላይ ሌላው ሰብል ሳያፈራ ሲቀር ማሾ ይደርሳል። ሸዋ ሮቢት፣ ቀወትና አጣዬ፣ ወደ ወሎም ስትሻገሩ ቃሉ አካባቢ ገበሬው ጠንቅቆ ያውቀዋል። በ2006 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ፣ ሰብል ደረጃ ወጥቶለት በግልጽ ዋጋ ወደሚሸጥበት ተቋም፣ ከገባ ወዲህ ዋጋው ለሁሉም የሚታይ ሆኗል።

ችግሩ እኛ ቤት ብዙም አለመበላቱ ነው። ገዢዎቹ ሕንድ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ፓኪስታንና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ናቸው። የእነሱ ፍላጎት ሲቀንስ አዲስ አበባ ላይ የሚገዛ የለም። አያያዙም ቸልታ አይወድም። ነቀዝ በጣም ይወደዋል። ተራ ጆንያ ውስጥ ከከተታችሁት በጥቂት ወራት ውስጥ ፍሬው ይበሳና ደረጃው ይወድቃል። አየር የማያስገባው ባለሦስት ንብርብር ከረጢት ለማሾ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ነጭ ቦሎቄ የስምጥ ሸለቆ ሰብል ነው። አዳማ፣ ቦሰትና ዝዋይ አካባቢ ይዘራል። አውሮፓ ውስጥ በቲማቲም ስልስ ታሽጎ በቆርቆሮ የሚሸጠው ቦሎቄ ከዚህች ፍሬ ነው። መልካሳ ምርምር ማዕከል ያወጣቸው አዋሽ 1 እና አዋሽ መልካ በአካባቢው የታወቁ ዝርያዎች ናቸው። የቆርቆሮ ፋብሪካ የሚፈልገው መጠኑ እኩል የሆነ፣ ያልተሰነጠቀ፣ ቀለሙ ያልደፈረሰ ፍሬ ነው። አጨዳ ላይ ዝናብ ከመታው ነጩ ይበልዛል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ወደ ደቡብ ከሄዳችሁ ቀዩ ቦሎቄ ይሻላል እላለሁ። ሲዳማና ወላይታ ቀዩን ይበላዋል። ገበያ ሲጠፋ ቢያንስ ንፍሮ ይሆናል።

ጤፍ፦ ገዢ የማያጣ፣ ጉልበት የሚያስከፍል

ጤፍ ዘርቶ ገዢ አጣሁ ያለ ሰው አላውቅም። ወደ 3 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት ይሸፈናል፣ አሁንም አይበቃም። ማኛውም፣ ነጩም፣ ሠርገኛውም፣ ቀዩም የየራሱ ገበያ አለው። ጭዱ ለከብት መኖና ለጭቃ ቤት ይሸጣል። በነቀዝ ስለማይደፈር ለዓመታት ይቀመጣል። ይህ መቀመጡ ቀላል ነገር አይደለም። በቆሎ ያለው ሰው ነቀዙን ፈርቶ ጥር ላይ በርካሽ ይሸጣል፣ ጤፍ ያለው ሐምሌን ይጠብቃል።

በተቃራኒው እርሻው መሬት ደጋግሞ ማለስለስ ይጠይቃል። አረሙ በእጅ፣ አጨዳው በማጭድ ነው። ሲጋሽብ፣ ማለትም አገዳው ወድቆ መሬት ላይ ሲተኛ፣ ምርት ይጠፋል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው ቁንጮ የሚባለው ዝርያ ነጭነትንና ምርታማነትን አንድ ላይ ስላመጣ በብዙ አካባቢ ተስፋፍቷል። በሄክታር 25 እና 30 ኪሎ ከመበተን ይልቅ 5 ኪሎ ገደማ በመስመር መዝራት ዘር ይቆጥባል፣ መጋሸቡንም ይቀንሳል። ግን በእጅ በመስመር መዝራት አድካሚ ነው። ብዙ ሄክታር ያለው ሰው ይህን ሳያስብ አይጀምር።

ጤፍ ወደ ውጭ በዱቄትም ሆነ በእህል መልክ መላክ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ታግዷል። በኋላ ለተወሰኑ ሰፋፊ እርሻዎች ጠባብ ፈቃድ ተከፍቶ ነበር። እንጀራ ግን በአውሮፕላን ይወጣል። ለዚህ ነው አሜሪካ ያሉ ብዙ ቤተሰቦች አይዳሆ የበቀለ ጤፍ የሚያቦኩት። ከውጭ ሆናችሁ "ጤፍ ዘርቼ ወደዚህ አስመጣለሁ" ብላችሁ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እቅዱን ወደ እንጀራ ቀይሩት ወይም የአገር ውስጡን ገበያ አስቡ። አገር ውስጥም ቢሆን ዋጋው ሁልጊዜ ነጻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ጤፍ ሲንር የኬላ ጉዳይ ደጋግሞ ተነስቷል። ምርታችሁ ከክልል ክልል የሚሻገር ከሆነ ይህ ወደ ወጪያችሁ ይገባል።

ስንዴና በቆሎ

ስንዴ ከሁሉም ሰብል ይልቅ የመንግሥት ዓይን ያለበት ነው። በበጋ መስኖ የሚለማው ስንዴ ተስፋፍቷል። የካቲት 2015 ዓ.ም. ስንዴ ወደ ውጭ መላክ መጀመሩ በባሌ በይፋ ተበስሯል። ይህ ትኩረት ማዳበሪያ፣ ዘርና ኮምባይነር እንዲቀርብ ይረዳል። በሌላ በኩል በዚያው ሰሞን ነጋዴው ስንዴ እንዳያንቀሳቅስ የተገደበበት፣ የገበሬ ማኅበራት ዩኒየን መግዣ ዋጋ ከነጻው ገበያ ያነሰበት ሁኔታ ነበር። አርሲና ባሌ ያሉ ገበሬዎች ይህን አይረሱትም። አራሹ ላይ የተጫነ ሸክም እንደነበር በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ስንዴ የምትዘሩ ከሆነ የዘንድሮው የግዢ መመሪያ ምን እንደሚል ከወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ አጣሩ።

ሁለተኛው ጠላት ዋግ የሚባለው የሰብል በሽታ ነው። በ2006 ዓ.ም. ዲገሉ የሚባለው ዝርያ ባሌና አርሲ ላይ በግንድ ዋግ ሲመታ ማሳ ሙሉ ባዶ ገለባ ሆኖ ቀርቷል። ያኔ ሰው ሁሉ አንድ ዝርያ ላይ ተደግፎ ነበር። አሁንም ጎረቤት ሁሉ የሚዘራውን አንድ ዝርያ ብቻ አትዝሩ። የፀረ ዋግ ኬሚካል ወጪን ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ አስገቡት። ባሌ መሬት ያላችሁ ደግሞ "ገና" እና "ቦና" የሚባሉ ሁለት የእርሻ ወቅቶች ስላሏችሁ፣ አንዱን በስንዴ ሌላውን በጥራጥሬ መያዝ ትችላላችሁ። ይህ ዕድል ሌላ ቦታ በብዛት የለም።

በቆሎ ሆድ ይሞላል፣ ኪስ ግን ሁልጊዜ አይሞላም። ምዕራብ ጎጃም፣ ጅማና ወለጋ ዝናቡም አፈሩም ይስማማዋል። ቢኤች 661 እና ሊሙ የመሳሰሉት ድቅል ዝርያዎች በደንብ ከተያዙ ከአማካዩ በላይ ብዙ ይሰጣሉ። ዘሩ ግን በየዓመቱ ይገዛል። ካለፈው ምርት ያስቀራችሁትን መልሳችሁ ብትዘሩ ምርቱ ያሽቆለቁላል።

የበቆሎ ገበያ ትልቁ ትምህርት 1994 ዓ.ም. ነው። ተከታታይ ጥሩ ምርት ተገኘና ዋጋው ተንኮታኮተ። ለማጨጃና ለማጓጓዣ እንኳ ስላልበቃ ማሳ ላይ የተተወ በቆሎ ነበር። በዓመቱ ድርቅ መጣ፣ ሚሊዮኖች እርዳታ ፈለጉ። ያ ክስተት ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ለጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሐሳብ አንዱ መነሻ ነበር። ዛሬ የዶሮ እርባታው ስለሰፋ የመኖ ፍላጎት አለ፣ ገበያው ያኔ እንደነበረው አይደለም። ቢሆንም ጥር ላይ የሚሸጥና ነሐሴ ላይ የሚሸጥ በቆሎ አንድ አይደሉም። ማከማቻ የሌለው ሰው በቆሎ ባይዘራ ይሻላል።

እርጥበትም አለ። በደንብ ሳይደርቅ የተከመረ በቆሎ ሻጋታ ያወጣል፣ አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝም የሚመጣው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ኬንያ የኡጋንዳንና የታንዛኒያን በቆሎ በዚሁ ምክንያት አግዳ ነበር። ሞያሌ በኩል ለመሸጥ የምታስቡ ይህን ልብ በሉ። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ የገባው መጤ ተምችም አለ፤ ማሳውን በየሳምንቱ መዞር ግዴታ ሆኗል።

አኩሪ አተር ፓዌ፣ አሶሳና ጅማ አካባቢ ላላችሁ ጥሩ ተፈራራቂ ነው። የዘይትና የመኖ ፋብሪካ ይፈልገዋል። ገዢ ፋብሪካ በአቅራቢያ ከሌለ ግን አልመክርም።

ሽምብራ፦ ሚዛኔ የሚያዘነብልበት

ስለ ሽምብራ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም የሚገባውን ያህል ሲወራለት አልሰማም። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ቀዳሚዋ የሽምብራ አምራች ናት። ምንጃር ሸንኮራ፣ አድአ፣ ደንቢያና ሌሎችም ዋልካ መሬት ያላቸው ወረዳዎች ይዘሩታል።

ዋልካ መሬት በክረምት ውሃ ይይዛል። ሐምሌ ላይ ብትዘሩበት ሰብሉ ይበሰብሳል። ሽምብራ የሚዘራው ግን ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ፣ ዝናቡ ሊወጣ ሲል ነው። ከዚያ በኋላ መሬቱ በያዘው እርጥበት ያድጋል። ስለዚህ ዝናብ ቢቋረጥም አትደነግጡም። ማዳበሪያው ጥቂት ነው፣ ናይትሮጂን ራሱ ስለሚያበጅ። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው መሬት ላይ የሚዘራ ጤፍ ወይም ስንዴ ልዩነቱን ያሳያችኋል።

ሁለት ዓይነት አለ። ቡናማው ትንሹ ለሽሮ፣ ለቆሎና ለንፍሮ ነው፤ አገር ውስጥ ሁሌም ይሸጣል። ነጩና ትልቁ ወደ ውጭ ይሄዳል፣ ሁሙስ የሚባለው የዓረቦች የሽምብራ ማባያ የሚሠራው ከእሱ ነው። አረርቲና ሀብሩ ከነጩ ዓይነት የታወቁ ዝርያዎች ናቸው። ነጩ ዋጋው ይሻላል፣ ገዢው ግን የፍሬውን መጠን በወንፊት ይለካል። ትንንሹ ተለይቶ ሲወጣ በርካሽ ይሄዳል።

የውጭ ገበያው እንደሌሎቹ ይዋዥቃል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2018 በሽምብራ ላይ የምትጥለውን ቀረጥ እስከ 60 በመቶ አድርሳው ነበር፣ በ2024 ደግሞ የራሷ ምርት ሲያንስ በቡናማው ላይ አነሳችው። አንድ የዴልሂ ውሳኔ የምንጃርን ገበያ ያናውጣል ማለት ነው። ልዩነቱ ማሾ የያዘው ሰው ያኔ ይጨነቃል፣ ቡናማ ሽምብራ የያዘው ግን መርካቶ ሽሮ ነጋዴ ጋ ይሄዳል። በጾም ወራት ደግሞ ሽሮ የማይበላ ቤት የለም።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። እዚያው መሬት ላይ ሽምብራ በሽምብራ ላይ ከደጋገማችሁ ሥር አበስብስ በሽታ ይገባል። ፍሬ ቦርቧሪ ትል ያጠቃዋል። ውርጭ ያለበት ደጋ አይሆንም። ነቀዝም ስለሚደፍረው አያያዝ ይፈልጋል። እሸቱ ደግሞ ፈተና ነው። መንገድ ዳር ብቻውን የተዘራ ሽምብራ አላፊ አግዳሚው በእሸቱ ይጨርሰዋል። ከጎረቤት ጋር ተስማምታችሁ አንድ ላይ ካልዘራችሁ ጠባቂ መቅጠር አለባችሁ።

የሚሸጥበትን መንገድ ሳትመርጡ አትዝሩ

የአካባቢ ነጋዴና ደላላ በዕለቱ ጥሬ ገንዘብ ይሰጣል። ደረጃ አይጠይቅም፣ ሁለት ኩንታልም ይገዛል። ለዚህ ነው አብዛኛው ገበሬ ወደ እሱ የሚሄደው። ዋጋ ዝቅ ይላል፣ ሚዛኑም አንዳንዴ ያታልላል። ኩንታል በሚዛን ካልተለካ በዓይን ግምት አትሽጡ።

ኅብረት ሥራ ማኅበርና ዩኒየን ትርፍ ሲያገኝ ለአባላቱ ያከፋፍላል፣ ዘርና ማዳበሪያም በእሱ በኩል ይመጣል። ድክመቱ የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ነው። ከባንክ ብድር እስኪለቀቅለት አይገዛም፣ እስከዚያ ነጋዴው ቀድሞ ይወስደዋል። ማኅበራችሁ ባለፈው ዓመት በስንት ቀን እንደከፈለ አባላቱን ጠይቁ።

ምርት ገበያ ለሰሊጥ፣ ለማሾ፣ ለቦሎቄና ለሽምብራ ዋናው መንገድ ነው። ምርቱ መጋዘን ሲገባ ናሙና ይወሰዳል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ይመዘናል፣ የመጋዘን ደረሰኝ ይሰጣል። ከተሸጠ በኋላ ክፍያው በማግስቱ ባንክ ይገባል። ክፍያው ላይ የሚያስተማምን ሥርዓት ነው። ግን ብዙ ኩንታል ላለው ሰው ነው የሚመቸው። ጥቂት ኩንታል ያለው በማኅበር ወይም በአቅራቢ በኩል ይገባል። እዚህ ላይ ንጽህና ገንዘብ ነው። አፈር፣ ጠጠርና የሌላ ሰብል ፍሬ የተቀላቀለበት ሰሊጥ አንድ ደረጃ ሲወርድ ጉዳቱ ከማበጠሪያ ወጪው ይበልጣል።

አራተኛው የኮንትራት እርሻ ነው። አርሲ ውስጥ ለብቅል የሚሆን ገብስ የሚዘሩ ገበሬዎች ከቢራና ከብቅል ፋብሪካዎች ጋር የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ለፓስታ የሚሆን ስንዴም እንዲሁ። በ2015 ዓ.ም. የግብርና ምርት ውልን የሚመለከት አዋጅ ወጥቷል፣ ስለዚህ ውሉ ሕጋዊ መሠረት አለው። ስትፈርሙ አንድ ነገር ብቻ ደጋግማችሁ አንብቡ፤ ዋጋው የሚወሰነው መቼ ነው? ሲዘራ ወይስ ሲረከብ? ገበያው ከውሉ በላይ ሲወጣ ማን ይጠቀማል? ይህ ካልተጻፈ አጨዳ ላይ ጠብ ይነሳል።

የማን ምርጫ ምን ይሁን

ከሁለት ሄክታር በታች ያላችሁና ቤተሰብ የምትመግቡ፣ ከመሬታችሁ የሚበዛውን ለጤፍ ወይም ለስንዴ ስጡት። ቀሪውን ዋልካ ከሆነ ሽምብራ ያዙበት፣ ቆላ ከሆነ ማሾ። ሙሉውን ለውጭ ገበያ መስጠት ትክክል አይመስለኝም። ዘይት በውድ እየገዛን ሰሊጥ የምንልክ ሕዝብ ነን፣ ቢያንስ የራሳችን ጎተራ አይጉደል።

ተደራጅታችሁ ወይም ተከራይታችሁ ሰፊ መሬት የምትይዙ፣ ቆላ ከሆነ ሰሊጥ መግባቱ አይቀርም። ከመሬቱ ከግማሽ በላይ ግን አትስጡት። ማሽላ ወይም ማሾ አፈራርቁበት። ሰሊጥ በሰሊጥ ላይ ሲደጋገም መሬቱ ይደክማል፣ ተባዩም ይለምዳል።

ከውጭ ሆናችሁ የምትጀምሩ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያላችሁ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ትቆጠራላችሁ። የገጠር መሬት አይሸጥም፣ ይከራያል እንጂ። የኪራይ ውሉን በቃልና በዝምድና አትተዉት፣ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። ለመጀመሪያው ዓመት ሰሊጥ አትንኩ። ማሳው ላይ ቆሞ የሚታጨድበትን ቀን የሚወስን ሰው ይፈልጋል፣ ያ ሰው እናንተ አይደላችሁም። ጤፍ ወይም ሽምብራ ቀን ቢያልፍባቸው ይታገሳሉ። ወንድማችሁን ወይም አክስታችሁን ስለ ማከማቻው አስቀድማችሁ አናግሩ፣ ገንዘቡንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሥራው ደረጃ ላኩ። ለእርሻ፣ ለዘር፣ ለአረም፣ ለአጨዳ።

የመረጣችሁት ማንኛውም ይሁን፣ ዘሩን እስከ ግንቦት መጨረሻ ያዙ። ሰኔ ሲገባ ምርጥ ዘር ይጠፋል ወይም የማይታመን ይሸጣል። ከገዛችሁ በኋላ 100 ፍሬ ቆጥራችሁ እርጥብ ጨርቅ ላይ አድርጉት፣ እንዳይደርቅ እያረጠባችሁ ሳምንት ያህል ጠብቁ። 85 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዝሩት። ከ70 በታች ከሆነ ለሻጩ መልሱና ሌላ ፈልጉ፣ ጊዜው ገና ነው።